ጃፓን ሄዳችሁ ቢራ ስትጠጡ ከጠርሙሱ ጀምሩ

ወደ ጃፓን ለመሄድ የሚሰናዱ ሰዎች ስለ ቢራ ሲጠይቁኝ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከጃፓናውያን ጋር በአንድ ጠረጴዛ ከተቀመጣችሁ ድራፍቱን ለሌላ ቀን አቆዩትና ጠርሙስ እዘዙ። ድራፍቱ ጥሩ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፤ አረፋውም ያምራል። ነገር ግን የየራስ ነው። እያንዳንዱ ሰው ጃምቦውን ይዞ በራሱ ፍጥነት ይጠጣል፤ ሲያልቅበት አስተናጋጅ ይጠራል። ትልቁ የጃፓን ቢራ ጠርሙስ 633 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ አብሮት የሚቀርበው ብርጭቆ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጎነጩለት የሚያልቅ ትንሽ ብርጭቆ ነው። ስለዚህ አንዱ ለሌላው ደጋግሞ መቅዳት አለበት። ጃፓኖች በመጠጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀራረቡት በዚህ መቀዳዳት ውስጥ ነው፤ ቋንቋውን የማይችል እንግዳም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እኩል ሊሳተፍበት ይችላል።

ይህን የምለው ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቆሜ ስላየሁት ነው። ቶኪዮ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ማታ ማታ ኡዌኖ አካባቢ ባለ ኢዛካያ በሚባል አነስተኛ የመጠጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ አጥቤአለሁ፣ ቢራ ቀድቻለሁ፣ ሂሳብ ተቀብያለሁ። የውጭ አገር እንግዶች የት ላይ እንደሚቸገሩ፣ የት ላይ ሳያውቁ ሰው እንደሚያስቀይሙ የተማርኩት እዚያ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከበሩ እስከ መጀመሪያው ብርጭቆ

ኢዛካያ መጠጥና ትንንሽ ምግቦች አብረው የሚቀርቡበት ቤት ነው። ብዙዎቹ ደጃፋቸው ላይ ቀይ የወረቀት ፋኖስ ይሰቅላሉ። በሩ ላይ ኖረን የሚባለው አጭር የጨርቅ መጋረጃ ከተንጠለጠለ ቤቱ ክፍት ነው፤ መጋረጃው ወደ ውስጥ ከገባ ሥራ አብቅቷል። ስትገቡ ስንት ሰው እንደሆናችሁ ትጠየቃላችሁ፤ በጣት ማሳየት ይበቃል። መቀመጫ ራሳችሁ መርጣችሁ አትቀመጡ፤ እስኪመሯችሁ ጠብቁ። መግቢያው ላይ የጫማ ሣጥን ካያችሁ ጫማ ይወለቃል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጃፓን ውስጥ እራት ልትወጡ ስትሉ ለካልሲያችሁም አስቡ።

እንደተቀመጣችሁ ኦሺቦሪ የሚሉት እርጥብ ፎጣ ይመጣል፤ በሙቀት ወራት ቀዝቃዛ፣ በብርድ ወራት ትኩስ ይሆናል። የእጅ መጥረጊያ ነው። ከዚያ ያላዘዛችሁት ትንሽ ሳህን ምግብ ፊታችሁ ይቀመጣል። ኦቶሺ ይባላል፤ በኦሳካ በኩል ትሱኪዳሺ ይሉታል። ነጻ አይደለም። ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ከ300 እስከ 500 የን ይታሰባል፤ የመቀመጫ ክፍያ ነው ብላችሁ ያዙት። በሠራሁበት ቤት ይህን ሂሳብ ላይ አይተው «ተታለልን» ብለው በቁጣ የወጡ እንግዶች ነበሩ። ቤቱ አላታለላቸውም፤ እነሱም የተቆጡት አስቀድሞ የነገራቸው ስላልነበረ ነው። ሁለቱም ወገን ማዘኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እናንተ አስቀድማችሁ ስላወቃችሁ በሰላም ብሉት።

አስተናጋጅ ለመጥራት ድምፅን ከፍ አድርጎ «ሱሚማሴን!» ማለት ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ካልተጠሩ ወደ ጠረጴዛችሁ አይመጡም። ብዙ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የመጥሪያ ደወል ወይም ማዘዣ ታብሌት አላቸው። ድራፍት «ናማ» ነው፤ ጠርሙስ «ቢን ቢሩ»። የጃፓን ቡድን ሲቀመጥ ሁሉም ሰው በአንድ አፍ ቢራ ሲያዝ ትሰማላችሁ፤ «ቶሪያኤዙ ቢሩ» ይላሉ። ይህን የሚያደርጉት ብርጭቆው ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲደርስና ማንም እንዳይጠብቅ ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ ኮክቴል መምረጥ ብትፈልጉ ማንም አይከለክላችሁም፤ ግን መጠጣችሁ እስኪመጣ ጠረጴዛው ሁሉ ይጠብቃችኋል።

መቅዳትና መቀበል

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደርሰናል። ጠርሙሱን በቀኝ እጃችሁ ያዙና ግራ እጃችሁን ከሥሩ ደግፉ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ ላይ ይሁን። የሚቀዳለት ሰው ብርጭቆውን ያነሳል፤ ትንሽ ያዘነብለዋል። መጀመሪያ በዝግታ ጀምራችሁ መሐል ላይ ጠንከር አድርጉትና አረፋ ይነሣ፤ ከዚያ እንደገና ቀስ ብላችሁ ከአረፋው ሥር ሙሉ። የሚወደደው ሰባት እጅ ቢራና ሦስት እጅ አረፋ ነው። አረፋው ቢራው ከአየር ጋር እንዳይገናኝ የሚሸፍነው ክዳን ስለሆነ እንደ ብክነት አይቆጠርም።

ሲቀዳላችሁ ብርጭቆውን በሁለት እጅ ያዙ። ከተቀዳላችሁ በኋላ ሳትቀምሱ ጠረጴዛ ላይ መልሳችሁ አታስቀምጡት፤ ጥቂት ተጎንጩ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ተቀብላችሁ ለቀዳላችሁ ሰው መልሳችሁ ቅዱ። ለራስ መቅዳት እንደ ነውር ባይቆጠርም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰው «እኔን አላየኸኝም» እንደማለት ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ቢራ ካማራችሁ የሚያምረው መንገድ ጠርሙሱን አንሥቶ ለጎረቤት መቅዳት ነው፤ ወዲያው ጠርሙሱ ወደ እናንተ ይመለሳል። በግማሽ ብርጭቆ ላይ መደረብ ጣዕሙን ያበላሻል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ የቤታችን ባለቤትም ከእነሱ አንዱ ነበሩ። እኔም ብርጭቆው ሊያልቅ ሲል ጠብቄ እቀዳለሁ።

መጠጣት ከበቃችሁ አትከራከሩ፤ ብርጭቋችሁን ሙሉውን ተዉት። ባዶ ብርጭቆ «ጨምሩልኝ» ይላል፣ ሙሉ ብርጭቆ «በቃኝ» ይላል። ይህን ያላወቁ እንግዶች ከትሕትና የተነሣ የተቀዳላቸውን ሁሉ እየጨረሱ፣ ጃፓኖቹም ከትሕትና የተነሣ እየሞሉላቸው፣ በአንድ ምሽት ከአቅማቸው በላይ ሲጠጡ አይቻለሁ።

«ካንፓይ!» (ለጤናችን!) እስኪባል ማንም አይጠጣም። ብርጭቆ ስታጋጩ ከእናንተ በዕድሜ ወይም በሥልጣን ከሚበልጥ ሰው ብርጭቆ ትንሽ ዝቅ አድርጉ። እነሱም ለእንግዳ ክብር ዝቅ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ሁለቱ ብርጭቆዎች እየተሽቀዳደሙ ወደ ጠረጴዛው ሲወርዱ ማየት የተለመደ ነው። አልኮል የማይጠጣ ሰው በሻይም ሆነ በለስላሳ ካንፓይ ይላል፤ ማንም አይከፋም።

ከሥራ ሰዎች ጋር ከወጣችሁ ኖሚካይ ነው። ከበሩ የራቀው መቀመጫ የክብር ስለሆነ ለእንግዳ ወይም ለአለቃ ይሰጣል፤ ሲሰጧችሁ ጥቂት አመንትታችሁ ተቀመጡበት። አለቃው አጭር ንግግር ያደርጋል፣ ከዚያ ካንፓይ ይባላል። አንዱ ቤት ሲያልቅ ኒጂካይ ተብሎ ወደ ሁለተኛ ቤት ይሄዳል፤ ሁለተኛው ግዴታ አይደለም፤ ደክሟችሁ ከሆነ አመስግናችሁ መሄድ ይቻላል። በዲሴምበር ወር የዓመት መዝጊያ ድግስ፣ ቦኔንካይ፣ ስለሚበዛ ጥሩ ጥሩ ኢዛካያዎች ያለ ቀጠሮ አይገኙም። አንድ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ፊቱ የሚቀላ ሰው ካያችሁ አትገረሙ፤ ከጃፓናውያን ወደ 40 በመቶ በሚሆኑት ላይ አልኮል ሲፈርስ የሚፈጠረውን መርዛማ ነገር በፍጥነት የሚያስወግደው ኤንዛይም ደካማ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ጠጣ እንጂ!» ብላችሁ አትገፋፉት። መጠጥ ማስገደድ ዛሬ ጃፓን ውስጥ እንደ በደል የሚቆጠር ድርጊት ነው። ሕጋዊው የመጠጫ ዕድሜ 20 ነው፤ የአዋቂነት ዕድሜ በ2022 ወደ 18 ዝቅ ቢልም የመጠጡ አልተቀየረም።

የትኛውን ቢራ?

ገበያውን የያዙት አሳሂ፣ ኪሪን፣ ሳፖሮና ሰንቶሪ ናቸው፤ ኦኪናዋ ደሴት ላይ ደግሞ ኦሪዮን አለ። ሳፖሮ የተጀመረው በ1876 በሰሜናዊቷ የሆካይዶ ደሴት ሲሆን የመጀመሪያው ጠማቂ ናካጋዋ ሴይቤይ ሙያውን ጀርመን ሄዶ የተማረ ሰው ነበር። አሳሂ ሱፐር ድራይ በ1987 ወጥቶ የሕዝቡን ምላስ ወደ ቀላልና ምሬቱ አፍ ላይ ወደማይቆይ ቢራ ወሰደው። ለእኔ ግን ከዓሣና ከጨዋማ ምግብ ጋር የሚስማማኝ በብቅል ብቻ የሚጠመቀው ኤቢሱ የሚባለው ቢራ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በ1890 ነው። ቶኪዮ ያለው የኤቢሱ ባቡር ጣቢያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ቢራ ነው፤ መጀመሪያ የተሠራውም ቢራውን ለማጓጓዝ ነበር። ሆካይዶ ከደረሳችሁ ሳፖሮ ክላሲክን አትለፉት፤ ከ1985 ጀምሮ እዚያ ብቻ ይሸጣል።

ሱቅ ውስጥ ስትገዙ አንድ ነገር አስተውሉ። ከቢራ ጣሳዎች አጠገብ ቢራ የሚመስሉ ግን ረከስ ያሉ ጣሳዎች ተደርድረዋል። የጃፓን ግብር ለረጅም ጊዜ የተጣለው በብቅሉ መጠን ስለነበር ፋብሪካዎቹ ብቅሉን ቀንሰው ሃፖሹ የሚባለውን፣ በኋላም በአተርና በአኩሪ አተር ጭምር የሚሠሩ ሌሎች መጠጦችን ፈጠሩ። ግብሩ በደረጃ እየተቀራረበ መጥቶ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ለሁሉም በ350 ሚሊ ሊትር 54.25 የን እንዲሆን በሕግ ተወስኗል። መጠጦቹ መጥፎ አይደሉም፤ ነገር ግን የጃፓንን ቢራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው በእነሱ ባይፈርድ እወዳለሁ። የስልካችሁን ካሜራ ተርጓሚ ጣሳው ላይ አዙሩና ዓይነቱን አንብቡ።

አነስተኛ ጠማቂዎችም አሉ። እስከ 1994 ድረስ የቢራ ፈቃድ ለማግኘት በዓመት ቢያንስ 2,000 ኪሎ ሊትር መጥመቅ ግድ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ 60 ኪሎ ሊትር ዝቅ ሲል ኒጋታ ውስጥ ኤቺጎ ቢራ ቀዳሚ ሆነ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ናጋኖ ውስጥ የሚጠመቀውን ዮና ዮና ኤል በጣሳ ኮንቢኒ በሚባሉት የሰፈር ሱቆች ውስጥ ሳይቀር ታገኙታላችሁ። ጉጉት የተሣለበት ሂታቺኖ ኔስት ደግሞ ከ1823 ጀምሮ ሳኬ ሲጠምቅ የኖረ የኢባራኪ ቤት ሥራ ነው።

ድራፍት የምትጠጡ ከሆነ ብርጭቆውን ተመልከቱ። በቤታችን የቢራ ብርጭቆ በጨርቅ መወልወል ክልክል ነበር፤ ታጥቦ፣ ተለቃልቆ፣ ተደፍቶ በራሱ ይደርቃል። የጨርቅ ብናኝና ቅባት አረፋን ይገድላሉና። በንጹሕ ብርጭቆ ላይ በተጎነጫችሁ ቁጥር አረፋው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ቀለበት እየተወ ይወርዳል፤ ያን ቀለበት ካያችሁ ጥሩ ቤት ገብታችኋል። የመቅጃው እጀታ ወደ ፊት ሲጎተት ቢራ፣ ወደ ኋላ ሲገፋ አረፋ ብቻ ይሰጣል። አረፋው ሆን ተብሎ በመጨረሻ የሚጫን ስለሆነ «በዛ» ብላችሁ አትመልሱት። ሌሊት ቤቱ ሲዘጋ የመጨረሻው ሥራዬ ቱቦውን በውሃ ማጠብ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ መዝለል አይቻልም ነበር።

ምግቡ ላይ ተጠንቀቁ

የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው ኢዛካያ ውስጥ ዓይኑን መክፈት አለበት። ግዮዛ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ አለ። ያኪቶሪ በከሰል የተጠበሰ ዶሮ ነው፤ ግን በሆካይዶዋ ሙሮራንና በሳይታማዋ ሂጋሺማትሱያማ ያኪቶሪ የሚሉት አሳማ ነው። «ቡታኒኩ ዋ ታቤማሴን» በሉ፤ አሳማ አልበላም ማለት ነው። ባሳሺ የሚባለው ቀይ ጥሬ ሥጋ የፈረስ ነው፤ በተለይ ኩማሞቶ ውስጥ ይወደዳል። ጥሬ ሥጋ ስለምትወዱ ብቻ ሳትጠይቁ እንዳታዙት።

በጾም ቀን ደግሞ ችግሩ ዳሺ ነው፤ የአብዛኛው ምግብ መረቅ ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ ነው። ዓሣ የማይነካ ሰው ኤዳማሜ የሚሉትን ከነልጣጩ የተቀቀለ ለጋ አኩሪ አተር፣ ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ኪያር፣ እንዲሁም ትሱኬሞኖ የሚሉትን የተዘፈዘፈ አትክልት ይዘዝ። ቀዝቃዛ ቶፉም አለ፤ ከላዩ የዓሣ ፍቅፋቂ እንዳያደርጉበት ተናገሩ። ዶሮ ለሚበላ ሰው ካራአጌ የሚባለው ጥብስ ከቢራ ጋር እጅግ ይስማማል፤ ያኪቶሪ ሲታዘዝ በጨው ከሆነ «ሺዮ»፣ በጣፋጭ ሶስ ከሆነ «ታሬ» በሉ።

የማትጠጡ ከሆነ «ኡሮን ቻ» ሻይ ነው፤ «ኡሮን ሃይ» ግን በውስጡ አረቄ አለበት። ስማቸው ስለሚቀራረብ እኛ ቤት በየሳምንቱ ይምታታ ነበር። ሱቅ ውስጥም የፍራፍሬ ሥዕል ያላቸው ቹሃይ ጣሳዎች ጭማቂ ይመስላሉ፤ አንዳንዶቹ 9 በመቶ አልኮል አላቸው። ለልጅ ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሂሳብና ቦታ

ኖሚሆዳይ በአንድ ዋጋ የፈለጉትን ያህል መጠጣት ነው፤ ብዙ ጊዜ 90 ወይም 120 ደቂቃ ይሰጣል፤ የመጨረሻው ትእዛዝ ሰዓቱ ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው ይወሰዳል፤ በአብዛኛው ጠረጴዛው ላይ ያለ ሁሉ መግባት አለበት። እኔ አልመክረውም። ሰዓት እያዩ መጠጣት የጨዋታውን ሰላም ይነሣል።

ሂሳብ ለመጠየቅ «ኦካይኬይ ኦኔጋይሺማስ» በሉ፤ ወይም ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶች አጣምራችሁ አሳዩ። በብዙ ቤቶች ሂሳብ የሚከፈለው በሩ አጠገብ ባለው ካሸር ነው። ጉርሻ አይሰጥም። ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ትታችሁ ከወጣችሁ ረስታችሁት ነው ብለው ይዘውት ይሮጣሉ፤ እኔም ዝናብ ላይ ሮጬ አውቃለሁ። ማመስገን ከፈለጋችሁ ስትወጡ «ጎቺሶሳማ ዴሺታ» በሉ፤ ማድ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይመልስላችኋል። ትንንሽ ቤቶች ካርድ ላይቀበሉ ስለሚችሉ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ቶኪዮ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ ጊንዛ 7ኛ ሰፈር ያለውን የላዮን ቢራ አዳራሽ ምረጡ። በ1934 የተከፈተ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ የመስታወት ሞዛይክ አለ፤ አያቶችና የልጅ ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡበታል። ሺንጁኩ ያለው ጎልደን ጋይ ደግሞ ስድስትና ሰባት ሰው ብቻ የሚይዙ ቡና ቤቶች የተጠጋጉበት ጉራንጉር ነው፤ ብዙዎቹ የመቀመጫ ክፍያ ስላላቸው በር ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አንብባችሁ ግቡ፤ አንድ ሰው አንድ መጠጥ ይዞ ለሰዓታት አይቀመጥም። ሆካይዶ ሳፖሮ ከተማ በቀይ ጡብ የተሠራው የቢራ ሙዚየም አለ፤ አጠገቡ ባሉት አዳራሾች ጂንጊስካን የሚባል የበግ ጥብስ ጠረጴዛችሁ ላይ ራሳችሁ እየጠበሳችሁ ትበላላችሁ። በግ የሚወድ ሰው እዚያ ሳይደርስ ከጃፓን ባይመለስ ደስ ይለኛል።

የቶኪዮ የምሽት መዝናኛ ሰፈር በሆነው ካቡኪቾ ውስጥ መንገድ ላይ ጠጋ ብሎ «ርካሽ ቤት ላሳያችሁ» የሚልን ሰው ግን በጭራሽ አትከተሉ። ጥሩ ቤት ሰው ከመንገድ አይጎትትም፤ እንዲህ ተጎትተው ገብተው በማይታመን ሂሳብ የተያዙ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከቤት ውጭና ወደ ቤት

ኮንቢኒ ውስጥ ቢራ ስትገዙ ካሸሩ ላይ ያለው ስክሪን ዕድሜያችሁ 20 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን እንድታረጋግጡ ይጠይቃል፤ ነካ አድርጉት። ምግብ ይዞ ለመሄድ 8 በመቶ ግብር ሲከፈል አልኮል 10 በመቶ ነው። አደባባይ ላይ መጠጣት በአገሪቱ በጠቅላላው አይከለከልም፤ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ የቼሪ አበባ ሲፈነዳ ኡዌኖ መናፈሻ በምንጣፍና በጣሳ ይሞላል። ቶኪዮ ውስጥ ሺቡያ ጣቢያ አካባቢ ግን ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መንገድ ላይ መጠጣት ተከልክሏል። ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር ውስጥ ከምሳ ሣጥን ጋር ቢራ መክፈት የተለመደ ነው፤ በከተማ ባቡር ውስጥ ግን አትክፈቱ። ባዶ ጣሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ ብዙ አታገኙም።

ከጠጣችሁ አትንዱ፤ ብስክሌትም ቢሆን። በአንድ ሊትር ትንፋሽ 0.15 ሚሊ ግራም አልኮል ከተገኘ ያስቀጣል፤ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ይህ ብስክሌተኛንም እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 500,000 የን መቀጮ ያደርሰዋል። እያወቀ ከሰከረ ሹፌር ጋር የተሳፈረና መጠጡን የሰጠም ይጠየቃሉ።

የቶኪዮ የመጨረሻ ባቡሮች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ያበቃሉ፤ ሰዓቱ እንደ መስመሩ ይለያያል። የምትመለሱበትን ባቡር ሰዓት ከመጀመሪያው ካንፓይ በፊት ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ደወል ሙሉበት። ካመለጣችሁ የሌሊት ታክሲ ታሪፍ ስለሚጨምር ሩቅ ለሚያድር ሰው ከእራቱ የበለጠ ሊያወጣ ይችላል፤ ያኔ የሚሻለው እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ክፍት የሆነ ቤት ተቀምጦ የመጀመሪያውን ባቡር መጠበቅ ነው።